«ነፍስ ይማር» ስንል ነፍሱ የት ሆና ነው?

ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ጥግ ላይ ተቀመጡና ሰው የሚለውን ብቻ አዳምጡ። አንዱ ገብቶ «ነፍስ ይማር» ይላል። ቀጥላ የገባችው ጎረቤት «አላህ ይዘንለት» ትላለች። ሦስተኛው የልጆቹን እጅ ይዞ «ጌታ ያጽናችሁ» ይላል። ሦስቱም ከልባቸው ነው። ሦስቱም ያዘኑት ለአንድ ሰው ነው። የሚለምኑት ግን አንድ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለሟቹ እየለመኑ ነው። ሦስተኛው የሚለምነው ለቋሚው ነው። ይህ ዝም ብሎ የአነጋገር ልማድ እንዳይመስላችሁ። ከጀርባው ከባድ ጥያቄ አለ። ሰው ሲሞት መዝገቡ እዚያው ይዘጋል? ወይስ እስከ መጨረሻው ፍርድ ድረስ የሆነ መካከለኛ ጊዜ አለ? ካለስ እኛ እዚህ የቀረነው ልንረዳው እንችላለን?

ታዋቂ ሰው በሞተ ቁጥር ፌስቡክ ላይ ይኸው ክርክር ይነሣል። «ከሞተ በኋላ ደግሞ ምን ምሕረት አለ?» የሚል ይመጣል። ስድቡ ይከተላል። በመጨረሻ ሟቹ ራሱ ይረሳል። እኔ ያደግሁበት ዘመድ ውስጥ ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ፕሮቴስታንትም አለ። ስለዚህ ይህ ክርክር በገባ ቁጥር ያመኛል። ብዙው ጠብ የሚነሣው አንዱ የሌላውን መልስ በደንብ ሳይሰማ ስለሆነ፣ እስቲ መልሶቹን ረጋ ብለን እንያቸው።

ገነት የመጨረሻው ቤት አይደለም

ጊዜያዊ ማረፊያ ሲባል ብዙ ሰው የካቶሊኮች ሐሳብ ብቻ ይመስለዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን የሙታንን ቦታ በሁለት ደረጃ ይለያል። ነፍስ ከሥጋ ስትለይ የጻድቅ ነፍስ ወደ ገነት፣ የኃጥእ ነፍስ ወደ ሲኦል ትሄዳለች። ይህ እስከ ትንሣኤ ሙታን ድረስ ነው። ከዳግም ምጽአት በኋላ ግን ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው፣ ጻድቃን መንግሥተ ሰማያትን ይወርሳሉ፤ ኃጥኣን ወደ ገሃነመ እሳት ይወርዳሉ። በዕለት ወሬያችን ገነትን ከመንግሥተ ሰማያት፣ ሲኦልን ከገሃነም ጋር እናቀላቅላለን እንጂ ትምህርቱ ይለያቸዋል።

የለቅሶ ቤት ምርቃታችንም ይህን ያውቃል። «ነፍሱን በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን» እንላለን። ይህ የመጠበቂያው ቦታ ቋንቋ ነው። የመጣው ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ነው፤ አልዓዛር በአብርሃም እቅፍ ካረፈበት፣ በእኛ ትውፊት ነዌ የሚባለው ባለጠጋ ደግሞ ጠብታ ውኃ ከለመነበት ታሪክ። «መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን» ስንል ግን ስለ መጨረሻው ርስት እየተናገርን ነው። አንድ እናት ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ትላቸዋለች። ሳታውቀው ሁለት የተለያዩ ዘመናትን እየዘለለች ነው።

«ፍትሐት» የሚለውን ቃል ደግሞ ተመልከቱት። «ፈትሐ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው። መፍታት ማለት ነው፤ መፍረድ ማለትም ነው። ካህናቱ በሟች ላይ ፍትሐት ሲያደርጉ ነፍሱ ከኃጢአት እስራት እንድትፈታ ይለምናሉ። ያልታሰረ አይፈታም። ጉዳዩ ፈጽሞ ያለቀለትም አይለመንለትም። ቃሉ ብቻውን አንድ ትምህርት ይዟል።

ከዚያ ቀኑ ይቆጠራል። ሳልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። አርባና ሰማንያ ላይ ቆም እንበል። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው። በመጽሐፈ ኩፋሌ እንደተጻፈው አዳም ወደ ገነት የገባው በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ነበር። ሕፃን ሲመጣ የምንቆጥረውን ቁጥር ሰው ሲሄድም እንቆጥረዋለን። አያቴ በሞተች ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። ለአርባዋ ጠላ ሲጠመቅ፣ ድንኳን ሲተከል፣ ሽንኩርት ሲከተፍ አየሁ እንጂ ለምን አርባ እንደሆነ የነገረኝ የለም። ቢነገረኝ ኖሮ ያ ቀን ሌላ ቀን ይሆንልኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። ቤተ ክርስቲያኒቱ ፍትሐትንና ተዝካርን ስታስተምር፣ ካቶሊኮች እንደሚሉት ነፍስ በእሳት የምትነጻበት ሦስተኛ ቦታ አለ አትልም። ንስሐ ገብቶ ቀኖናውን ሳይጨርስ የሞተ ሰው በጸሎትና በምጽዋት ይረዳል ትላለች። በክህደት ጸንቶ፣ ንስሐን ንቆ ለሞተ ሰው ግን ተዝካሩ ቢደገስ ያድነዋል አትልም። ይህ ልዩነት በድግሱ ጫጫታ መሀል ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ሄኖክ ያየው ተራራ

እዚህ ላይ የእኛ ቅርስ የዓለም ቅርስ ይሆናል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ነው። ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ቅጂዎቹን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ እስኪገባ ድረስ፣ እዚያ ያሉ ሊቃውንት መጽሐፉን የሚያውቁት በቁንጽል ነበር። በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ ባለው ቁምራን ዋሻ ውስጥ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ሲገኙ፣ ይህ የመጽሐፉ ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈ መሆኑ ተረጋገጠ።

ምዕራፍ 22ን አንብቡት። ሄኖክ ወደ ምዕራብ ይወሰዳል። አንድ ታላቅ ተራራ ያያል። በተራራው ውስጥ ጥልቅና ሰፊ የሆኑ፣ ግድግዳቸው የለሰለሰ ባዶ ቦታዎች አሉ። ሄኖክ ይጠይቃል፤ አብሮት ያለው መልአክ ሩፋኤል ይመልሳል። የሰው ልጆች ነፍሳት ሁሉ እስከ ፍርድ ቀን ድረስ የሚሰበሰቡት እዚህ ነው ይለዋል። ለጻድቃን ነፍሳት የተለየው ክፍል ብሩህ የውኃ ምንጭ አለው። ኃጥኣን ለብቻቸው ናቸው። በግፍ የተገደሉም የራሳቸው ክፍል አላቸው። ከመካከላቸው የአንዱ ድምፅ ወደ ሰማይ እየወጣ ይከሳል። የአቤል ነፍስ ናት። ቃየልን ትከሳለች።

በአይሁድ ጽሑፎች ውስጥ ሙታን እንደ ሥራቸው ተለይተው ፍርድን እንደሚጠብቁ ከሚናገሩት ጥንታውያን ገለጻዎች አንዱ ይህ ነው። ከእርሱ በፊት በብሉይ ኪዳን ሲኦል ሲባል ደግም ክፉም አንድ ላይ የሚወርድበት የጨለማ አገር ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ ግን የአቤል ድምፅ ነው። ተገድሎ እንኳ ዝም አላለም፤ ጉዳዩን ይዞ ቆሟል። ልጁ በግፍ ተገድሎበት ፍትሕ ላጣ ሰው ይህ ምዕራፍ ተረት አይደለም።

ሁለተኛው መጽሐፍ ዕዝራ ሱቱኤል ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ መጻሕፍት ጋር የሚቆጠር ነው። በምዕራፍ 7 ዕዝራ መልአኩን በግልጽ ይጠይቀዋል፤ ነፍስ ስትወጣ ወዲያው ትቀጣለች ወይስ ታርፋለች? መልአኩም ይነግረዋል። ነፍሳት 7 ቀን ነጻነት ይሰጣቸዋል፤ በእነዚያ ቀናት የሚጠብቃቸውን ያያሉ፤ ከዚያ ወደየማደሪያቸው ይሰበሰባሉ። ዕዝራ ቀጠለ። በፍርድ ቀን አባት ለልጁ፣ ወዳጅ ለወዳጁ ሊለምን ይችላል? መልሱ የሚያስደነግጥ ነው። አይችልም። ያን ቀን ሁሉም የራሱን ይሸከማል።

በላቲን ቅጂዎች ላይ የሆነውን ስሙ። ይህ ክፍል ያለበት ገጽ እ.ኤ.አ. በ822 ከተጻፈ አንድ ጥንታዊ ብራና ላይ ተቆርጦ ወጥቷል። ከዚያ ብራና የተገለበጡት ሁሉ ያንን ክፍል የላቸውም። ብዙ ሊቃውንት የተቆረጠው ለሙታን መጸለይን የሚቃወም ስለመሰለ ነው ብለው ይጠረጥራሉ። ሮበርት ቤንስሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ የጎደለውን የላቲን ክፍል ከሌላ ቅጂ አግኝቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። በግእዝ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ለሙታን በየቀኑ ፍትሐት የምታደርግ ቤተ ክርስቲያን፣ በፍርድ ቀን ማንም ለማንም አይለምንም የሚለውን ገጽ ሳትቆርጥ ይዛው ኖራለች። ይህ ያኮራኛል።

ደግሞም መቁረጡ አያስፈልግም ነበር። ዕዝራ እዚያው «ታዲያ አብርሃም ለሰዶም፣ ሙሴ ለአባቶቻችን እንዴት ለመኑ?» ብሎ ይሟገታል። መልአኩ ሲመልስ ይህ ዓለም ፍጻሜ ስላልሆነ ብርቱዎች ለደካሞች ለመኑ ይላል። እንደ እኔ ንባብ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። መካከለኛው ጊዜ ማለት ልመና ገና የሚሰማበት ጊዜ ማለት ነው። የፍርዱ ቀን ሲመጣ ያበቃል። «ነፍስ ይማር» የሚለው ሰው በዚህ በቀረው ጊዜ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ነው።

እሳቱና ሣጥኑ

ካቶሊኮች ፑርጋቶሪ ይሉታል፤ የመንጻት ሁኔታ ማለት ነው። እዚያ የሚገባ ሰው አይጠፋም፤ መዳኑ የተረጋገጠ ነው። ገና ያልጠራ ነገር ስላለበት ይነጻል። ለሙታን መጸለይ ከጥንት የነበረ ቢሆንም ስሙ ራሱን ችሎ እንደ ቦታ መጠራት የጀመረው በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው ይላሉ የታሪክ ሰዎች። ከዚያ በሊዮን ጉባኤ በ1274፣ በፍሎረንስ በ1439፣ በትሬንት በ1563 እ.ኤ.አ. በየተራ ጸደቀ።

ካቶሊኮች በዋናነት የሚጠቅሱት ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 12ን ነው። ይሁዳ መቃቢስ በጦርነት ለሞቱ ወታደሮቹ ኃጢአት መሥዋዕት እንዲቀርብ ገንዘብ ሰብስቦ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ ይላል። ይህን ስትሰሙ የእኛን መጽሐፈ መቃብያን ለማገላበጥ አትቸኩሉ፤ አታገኙትም። ስሙ ይመሳሰላል እንጂ የእኛ መቃብያን ሌላ መጽሐፍ ነው። ስለ ንጉሥ ጺሩጻይዳን የሚናገረው የእኛው ነው።

የፍሎረንሱ ጉባኤ ለእኛ ቅርብ ነው። በዚያ ጉባኤ ግሪኮቹና ላቲኖቹ በዋናነት ከተከራከሩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ከግሪኮቹ ወገን የኤፌሶኑ ማርቆስ ለሙታን እንጸልያለን፤ የሚያነጻ እሳት ግን አናውቅም ብሎ ተቃወመ። ውሳኔው ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1441 እ.ኤ.አ.፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ማኅበር የተላኩ መነኮሳት ፍሎረንስ ገቡ። ሮም የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ የነሐስ በር ላይ የዚያ ልዑክ ምስል ዛሬም ተቀርጾ ይታያል። ለሙታን መጸለዩን እነዚህ መነኮሳት ከሮም መማር አላስፈለጋቸውም። ከቤታቸው ይዘውት የሄዱት ነው።

ከዚያ ገንዘቡ መጣ። ኢንደልጀንስ የሚባለው የኃጢአት ቅጣት ማስተሰረያ ወረቀት ለሞቱ ዘመዶችም መሸጥ ተጀመረ። ዮሐን ቴትዘል የተባለው ሰባኪ በጀርመን ሲዞር፣ ሳንቲሙ ሣጥኑ ውስጥ ሲያቃጭል ነፍስ ከእሳቱ ትወጣለች ይባል ነበር። ከገንዘቡ ግማሹ ለቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ግንባታ፣ ግማሹ የማይንዝ ሊቀ ጳጳስ ለፉገር የባንክ ቤተሰብ ላለበት ዕዳ ነበር። ማርቲን ሉተር በ1517 እ.ኤ.አ. 95 ነጥቦቹን ሲጽፍ 82ኛው ላይ አንድ የምእመናን ጥያቄ አስቀመጠ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የሮሙ ጳጳስ ስለ ገንዘብ ብለው ነፍሳትን ማውጣት ከቻሉ፣ ለምን ስለ ፍቅር ብለው ሁሉንም አያወጡም?

ይህን ጥያቄ ባነበብኩ ቁጥር እናቷ የሞተችባት አንዲት ድኻ ጀርመናዊት ትታየኛለች። እናቷ እሳት ውስጥ እንዳለች ተነግሯታል። ወረቀቱን የምትገዛበት ግን የላትም። ከዚህ የሚበልጥ ጭካኔ ምን አለ? የትሬንት ጉባኤም በኋላ ፑርጋቶሪን ሲያጸድቅ፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ጥቅም ፍለጋንና አጉል እምነትን ጳጳሳት እንዲከለክሉ አዟል። ዛሬ የካቶሊክ ትምህርት ስለ ቦታና ስለ ዓመት ቁጥር ብዙም አይናገርም። የሮም ጳጳስ የነበሩት ቤነዲክቶስ 16ኛ በ2007 እ.ኤ.አ. በጻፉት መልእክት፣ የሚያነጻው እሳት ከክርስቶስ ጋር መገናኘቱ ራሱ ሊሆን እንደሚችል አንዳንድ የዘመኑ ሊቃውንት የሚሉትን አንሥተዋል። በዚያው ዓመት የቫቲካን የሥነ መለኮት ኮሚሽን ሳይጠመቁ ስለሞቱ ሕፃናት ሰነድ አወጣ። ለዘመናት እነዚህ ሕፃናት ሊምቦ በሚባል ጠርዝ ላይ ይቀራሉ ሲባል ኖሯል። ሊምቦ ቀኖናዊ ትምህርት ሆኖ አያውቅም፤ እንደሚድኑ ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት አለ ብሎ ደመደመ። ስንት እናት ይህን ሳትሰማ ሞተች!

ፕሮቴስታንቶች መካከለኛውን ልመና ጭራሽ የዘጉት ከዚህ ቁስል ተነሥተው ነው። ስለዚህ የወንጌላውያን ዘመዶቻችን «ነፍስ ይማር» አለማለት ከልብ ድርቀት የመጣ አይደለም። ክርስቶስ በመስቀል ላይ ለወንበዴው «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ካለው፣ የሚጨመር ነገር የለም ይላሉ። ለእነርሱ ሟቹን በክርስቶስ እጅ ጥሎ ማመን ትልቁ ፍቅር ነው። አድቬንቲስቶች ደግሞ ሙታን እስከ ትንሣኤ ድረስ ምንም ሳያውቁ ያንቀላፋሉ ይላሉ። መጽሐፈ መክብብን ይጠቅሳሉ። ለእነርሱ መካከለኛው ጊዜ አለ፤ ግን እንቅልፍ ነው።

ዐሥራ አንድ ወር፣ ሁለት ዲናር

ከአይሁድ ትውፊት የምወድደው አንድ ስሌት አለ። ሚሽና የተባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ክፉዎች በጌሂኖም የሚቀጡት 12 ወር ነው ይላል። አይሁዳዊ ልጅ ወላጁ ሲሞት ካዲሽ የሚባለውን ጸሎት ይላል። ካዲሽ ስለ ሞት አንድ ቃል የለበትም፤ የእግዚአብሔርን ስም ብቻ ያከብራል። በብዙ ማኅበረሰቦች ልማድ የሚባለው ለ11 ወር ነው። ለምን 12 አይሞላም? 12 ከሞላ ልጁ አባቴ ሙሉውን ቅጣት የሚያስፈልገው ክፉ ነበር እንዳለ ስለሚቆጠር ነው። ለወላጅህ ትለምናለህ፤ ግን ልመናህ ወላጅህን እንዳያዋርድ ወሩን ታጎድላለህ። ይህን ያህል የረቀቀ ክብር ሌላ ቦታ አላየሁም።

ቤተ እስራኤላውያን ኢትዮጵያ ሳሉ ካዲሽን አያውቁም ነበር። የሚያውቁት ተዝካርን ነው፤ እንደ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው በዚያው ቃል ይጠሩታል። ትእዛዘ ሰንበት የተባለው መጽሐፋቸው ደግሞ ሰንበትን ስለ ነፍሳት በእግዚአብሔር ፊት የምትማልድ አድርጎ ይሥላታል። ዛሬ እስራኤል ያሉት ብዙ ቤተሰቦች ሁለቱንም ይዘዋል። ልጁ ምኩራብ ሄዶ ካዲሽ ይላል፤ እናቲቱ ቤት ውስጥ ተዝካሯን ታዘጋጃለች።

በእስልምና መካከለኛው ጊዜ በርዘኽ ይባላል፤ ግርዶ ማለት ነው። ቁርኣን በሱረቱል ሙእሚኑን አንቀጽ 100 ላይ ይጠቅሰዋል። ሰው ከተቀበረ በኋላ ሁለት መላእክት፣ ሙንከርና ነኪር፣ ጌታህ ማነው ብለው ይጠይቁታል። መቃብሩም እንደ መልሱ ይሰፋለታል ወይም ይጠብበታል። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ በሁለት መቃብሮች አጠገብ ሲያልፉ ሁለቱም እየተቀጡ እንደሆነ ተናገሩ። አንዱ ከሽንት ስለማይጠነቀቅ፣ ሌላው በሰው መሀል ነገር ስለሚያመላልስ ነበር። እርጥብ የተምር ዝንጣፊ ለሁለት ሰንጥቀው በየመቃብሩ ላይ ተከሉ፤ እስኪደርቅ ድረስ ምናልባት ይቀልላቸው ይሆናል አሉ።

ከሞት በኋላ የማይቋረጡ ሦስት ነገሮች ናቸው ይላል ሌላው ሐዲስ። ሰደቃ ጃሪያ (ጥቅሙ የሚቀጥል ምጽዋት)፣ ሰው የሚጠቀምበት እውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግ ደግ ልጅ። የውኃ ጉድጓድ አስቆፍሮ የሞተ ሰው፣ ከጉድጓዱ በተቀዳ ቁጥር ይደርሰዋል ማለት ነው። ዱዓና ሰደቃ ለሟች እንደሚደርስ ሊቃውንቱ ይስማማሉ። ቁርኣን ተቀርቶለት ምንዳው ይደርሰዋል ወይ በሚለው ላይ ግን መዝሀቦቹ (የሕግ ትምህርት ቤቶቹ) ይለያያሉ። በሦስተኛውና በአርባኛው ቀን የሚደገሰው ድግስ ደግሞ በአገራችንም ሙስሊሞች መካከል ቢድዓ (በሃይማኖቱ ላይ የተጨመረ አዲስ ነገር) ነው፣ አይደለም እያከራከረ ነው። ክርክሩ ከተዝካር ክርክር ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ታያላችሁ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ የዕዳው ነገር ነው። ነቢዩ ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው ሊሰግዱበት አልፈለጉም። ዕዳው ሁለት ዲናር ነበር። ከባልደረቦቻቸው አንዱ አቡ ቀታዳ እኔ እከፍላለሁ ሲሉ ሰገዱበት። የሟች ነፍስ ዕዳው እስኪከፈል የተንጠለጠለች ናት ይባላል። ለዚህ ነው በሙስሊም ቀብር ላይ ቤተሰቡ ቆሞ «እርሱ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ይንገረን» ብሎ የሚያውጀው። ለሟቹ የሚደረገው የመጀመሪያው ነገር ድግስ አይደለም፤ የሰው ሐቅ መመለስ ነው።

ሲኦል ራሱ ጊዜያዊ የሆነበት

ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ጥያቄው ይገለበጣል። የጥንቱ የፋርስ ሃይማኖት ተከታዮች የሆኑት ዞራስትራውያን ነፍስ ሦስት ሌሊት በሬሳው ራስጌ ተቀምጣ በአራተኛው ቀን ንጋት የቺንቫትን ድልድይ ትሻገራለች ይላሉ። መልካሙና ክፉው ሥራው እኩል የሆነበት ሰው ሃሚስታጋን የሚባል ቦታ ይቆያል። እዚያ ከብርድና ከሙቀት በስተቀር ሌላ ሥቃይ የለም።

በሂንዱና በቡድሃ እምነት ደግሞ ሲኦሉም ገነቱም ያልፋል። ሰው የሥራውን ያህል ይቀምሳል፤ ከዚያ እንደገና ይወለዳል። ስለዚህ እነርሱ ዘንድ ጊዜያዊ ያልሆነ ነገር ማግኘት ነው የሚከብደው። የቲቤት ቡድሃውያን በሞትና በዳግም ልደት መካከል ያለውን ሁኔታ ባርዶ ይሉታል፤ እስከ 49 ቀን ሊቆይ ይችላል። ላማው (መምህሩ) በሬሳው አጠገብ ተቀምጦ ሟቹን እያናገረ ያነብለታል። «አትፍራ፣ የምታየው ብርሃን የራስህ አእምሮ ነው» የሚል መንፈስ ያለው ንባብ ነው። የስሪላንካና የታይላንድ ቴራቫዳ ትምህርት ግን መካከለኛ ሁኔታ የሚባል የለም፤ ሞትና ልደት ይከታተላሉ ይላል።

በቻይና ሟቹ በሙታን ዓለም ዐሥር ነገሥታት ፊት ይቀርባል። በየሰባት ቀኑ ሰባት ጊዜ፣ ከዚያ በ100ኛው ቀን፣ በዓመቱ፣ በሦስተኛው ዓመት። ቤተሰቡ በየቀጠሮው መሥዋዕት ያቀርባል፤ ለሙታን የተዘጋጀ የወረቀት ገንዘብ ያቃጥላል። የእኛን የሳልስት፣ የሰባት፣ የአርባ፣ የሙት ዓመት አቆጣጠር ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ማለት አይችልም። አንዱ ከሌላው ቀዳ ማለቴ አይደለም። ሐዘን ግን በየትም አገር ቀን ይቆጥራል። የመጀመሪያው ሳምንት፣ የመጀመሪያው ወር፣ የመጀመሪያው ዓመት ለቀረው ሰውም የየራሳቸው ግድግዳ አላቸው።

ሂንዱዎች ለዐሥር ቀን የሩዝ ድቡልቡል ያቀርባሉ። ሥጋውን ላጣው ነፍስ አዲስ ረቂቅ አካል በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ይሠራለታል ብለው ነው። አስቡት እስቲ። ልጅ ለአባቱ በሩዝ አካል ይሠራለታል።

ድንኳኑና ስሙ

ወደ ቤታችን ስመለስ የሚያሳስበኝ ሣጥኑ ነው። እጅ ለሟች ሊደርስ ይችላል ሲባል ገንዘብ መከተሉ አይቀርም። በጀርመን እንደዚያ ሆነ። በእኛ አገር ወረቀት የሸጠ የለም። ግን የአባቱን ተዝካር ለመደገስ ተበድሮ፣ በሬ ሸጦ፣ ዓመት ሙሉ ዕዳ ሲገፋ የኖረ ገበሬ ስንት ነው? ያን ያስገደደው የቤተ ክርስቲያን ቀኖና አልነበረም። «የአባቱን ተዝካር ሳይደግስ ቀረ» የሚለው የሰው አፍ ነው። ብዙ መምህራን ተዝካር ማለት መታሰቢያ ነው፣ ዋናው ጸሎቱና ለነዳያን የሚሰጠው ነው ብለው ሲሰብኩ ኖረዋል። የጠገበ ጎረቤትን እንደገና ማጥገብ ሟቹን ምን ይረዳዋል?

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ሰው መሰብሰብ ተከለከለ። ድንኳኑ ቀረ። ፍትሐቱ በጥቂት ካህናት ተደረገ። አንዳንድ ቤተሰብ ለድግሱ የያዘውን ብር እህል ገዝቶ ለጎዳና ተዳዳሪዎች ሰጠ። እኔ የማውቀው አንድ ቤት ከዚያ ወዲህ ወደ ድግሱ አልተመለሰም። አሜሪካና አውሮፓ ያሉት ወገኖቻችንም አርባው ማክሰኞ ቢውል እንኳ ሰው ከሥራ ስለማይወጣ ወደ ቅዳሜ ወይም እሑድ ያሸጋግሩታል፤ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይበላል፤ የተረፈው ገንዘብ አገር ቤት ላለ ችግረኛ ይላካል። መልኩ እየተለወጠ ነው። ልመናው ግን አልቆመም። እኔም እንዲቆም አልፈልግም። እናቱን ቀብሮ የመጣ ሰው በእጁ የሚያደርገው ነገር ያስፈልገዋል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው ግን የክርስትና ስም ነው። ካህኑ ለሟች ሲጸልይ የሚጠራው በሰፈር የምናውቀውን ስም አይደለም። ሲጠመቅ የወጣለትን ነው። አክስቴ በሞተች ሌሊት ካህኑ «ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?» ሲሉ ሁላችንም ተያየን። አርባ ዓመት አብረናት ኖረናል፤ ማንም አያውቅም። በሌሊት ገጠር ተደወለ። አንዲት አሮጊት ከእንቅልፋቸው ተቀሰቀሱ። ትንሽ አሰቡና በስልኩ ውስጥ ስሙን ተናገሩት። ወንድሜ በሲጋራ ፓኬት ጀርባ ላይ ጻፈው። ካህኑ ወረቀቷን ተቀብለው አነበቧት፤ ከዚያ ፍትሐቱ ተጀመረ።